ይህ ሐሳብ ከማን ነው?

በጸሎት የሚኖር ክርስቲያን ሁሉ አንድ ቀን የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ይህ በልቤ የመጣው ሐሳብ ከእግዚአብሔር ነው ወይስ ከራሴ? በምንኩስናና በትዳር መካከል የቆመ ወጣት ይጠይቀዋል። አገር ጥላ ለመሄድ ፓስፖርት ያወጣች ሴት ትጠይቀዋለች። መልሱን በአንድ ሌሊት ሕልም፣ በአንድ ሰው ትንቢት ወይም መጽሐፍ ቅዱስን እንደመጣ ገልጦ ዓይን ባረፈበት ጥቅስ የሚፈልገው ብዙ ነው። ችኮላው ይገባኛል፤ ግን ያስፈራኛል። ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ያጠና፣ በራሱ ነፍስ ላይ የተፈተነበት፣ ያገኘውንም ጽፎ የተወ አንድ ሰው ነበረ። የባስክ ተወላጅ ወታደር ነው። የመሠረተው ማኅበር ደግሞ ኢትዮጵያ ድረስ ዘልቆ በታሪካችን ውስጥ ከባድ ቁስል ጥሎ ያለፈ ነው። የሰውየው ትምህርትም የዚያ ቁስል ታሪክም አብረው መነገር አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኢኚጎ በ1491 በሰሜን ስፔን፣ በባስክ ምድር፣ ከአስፔይትያ ከተማ አጠገብ ባለው የሎዮላ ግንብ ከባላባት ቤት ተወለደ። ኢግናጥዮስ የሚለውን ስም የያዘው በኋላ ነው። በልጆች ከተሞላው ቤት የመጨረሻው እሱ ስለነበረ እንጀራው በጌቶች ደጅና በሰይፍ ላይ ነበር። ገና በልጅነቱ የንጉሡ የግምጃ ቤት ሹም ወደነበረው ወደ ኋን ቬላዝኬዝ ቤት ገባ፤ እዚያም የቤተ መንግሥት ወግ፣ የእጅ ጽሕፈትና የጦር መሣሪያ አያያዝ ተማረ። አለባበሱን የሚወድ፣ ስሙ እንዲነሳ የሚሻ፣ ለጠብ የማያመነታ ጎልማሳ ሆነ።

ሜይ 20 ቀን 1521 የፈረንሳይ ጦር ፓምፕሎናን ከቦ ምሽጉን በመድፍ ይደበድብ ጀመር። ሌሎቹ እጅ መስጠት ይሻላል ሲሉ ኢኚጎ ብቻ እምቢ ብሎ የምሽጉን አዛዥ አሳምኖ ነበር። የመድፍ ጥይት በእግሮቹ መካከል አልፎ ቀኝ እግሩን ሰበረው፤ ግራውንም አቆሰለው። እሱ ሲወድቅ ምሽጉም እጁን ሰጠ። ፈረንሳዮቹ ቁስሉን አክመው፣ በቃሬዛ አስይዘው ወደ አገሩ ሰደዱት።

ሎዮላ ሲደርስ ሐኪሞቹ አጥንቱ በትክክል አልገጠመም ብለው እንደገና ሰበሩት። ማደንዘዣ በሌለበት ዘመን ነው፤ እሱ ግን ጡጫውን ከመጨበጥ በቀር ድምፅ አላሰማም። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ጸንቶበት ቆርቦ ሞቱን ሲጠብቅ፣ በቅዱስ ጴጥሮስ በዓል ዋዜማ ተሻለው። እግሩ ሲድን ግን ከጉልበቱ በታች አንድ አጥንት ገንፍሎ ወጥቶ ታየ። በዘመኑ የመኳንንት ልጆች የሚጫሙት ጠባብ ቦት ጫማ በዚህ እግር ላይ አይገባም። ኢኚጎ አጥንቱ በመጋዝ ይቆረጥልኝ አለ። ሐኪሞቹ ከእስካሁኑ ሁሉ የከፋ ሕመም እንደሆነ ቢነግሩትም ለጫማው ሲል አስቆረጠው። ያም ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ እያነከሰ ኖረ።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ ለወራት ከአልጋ ላይ የዋለው። ጊዜ ማሳለፊያ የፈረሰኞች ጀብዱ መጽሐፍ አምጡልኝ ቢል በቤቱ አልተገኘም። የተገኙት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሉዶልፍ የተባለ የሳክሶኒ መነኩሴ የጻፈው የክርስቶስ ሕይወትና አንድ የቅዱሳን ገድል። ሲያነብ ይቆይና መጽሐፉን አስቀምጦ በሐሳብ ይነጉዳል። አንዳንዴ በልቡ ያለችውን አንዲት ታላቅ እመቤት እያሰበ፣ ምን ብሎ እንደሚያናግራትና በስሟ ምን ጀብዱ እንደሚሠራ ሲያወጣና ሲያወርድ ሦስትና አራት ሰዓት ያልፋል። አንዳንዴ ደግሞ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ያደረገውን፣ ቅዱስ ዶሚኒኮስ ያደረገውን እኔስ ባደርግ እያለ፣ በባዶ እግሩ ኢየሩሳሌም ሲሄድ፣ ቅጠል ብቻ ሲበላ ይታየዋል።

ሁለቱም ሐሳቦች እያሉ ያስደስቱታል። ካለፉ በኋላ ግን ልዩነት አለ። የእመቤቲቱ ሐሳብ ሲለቀው ልቡ ደረቅና ቅር የተሰኘ ሆኖ ይቀራል። የኢየሩሳሌሙ ሐሳብ ከሄደ በኋላም ደስታው ይቆያል። ብዙ ጊዜ ይህን ልብ ሳይል አለፈው፤ አንድ ቀን ግን ዓይኑ ጥቂት ተከፈተና በዚህ ልዩነት ይደነቅ ጀመር። ድምፅ አልሰማም፤ መልአክም አልታየውም። ያየው አንድ ሐሳብ ካለፈ በኋላ በልብ ውስጥ ምን ትቶ እንደሚሄድ ነው። በኋላ በዓለም ሁሉ የተሠራጨው ትምህርቱ በሙሉ የበቀለው ከዚህች ትንሽ ማስተዋል ነው። ከሁለቱ መጻሕፍት የወደደውንም ይገለብጥ ጀመር፤ የክርስቶስን ቃል በቀይ፣ የእመቤታችንን በሰማያዊ ቀለም እየለየ። የብራና ጸሐፊዎቻችን ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ቀለም ሲጽፉ ላየ ሰው ይህ ትጋት እንግዳ አይሆንበትም።

በ1522 መጀመሪያ በበቅሎ ከቤቱ ወጣ። መንገድ ላይ አንድ ሙስሊም ተጓዥ ተቀላቀለውና ስለ እመቤታችን ይነጋገሩ ጀመር። ሰውየው ድንግል ሆና መፅነሷን እቀበላለሁ፤ ከወለደች በኋላ ድንግል ሆና መኖሯን ግን አልቀበልም አለና ቀድሞ ፈጥኖ ሄደ። ኢኚጎ ብቻውን ሲቀር ደሙ ፈላ። ክብሯን ሳልከላከል ቀረሁ፤ ተከትዬ በጩቤ ልውጋው? ወይስ ልተወው? ሲያስብ ሲያስብ ደከመው። በመጨረሻ ውሳኔውን ለበቅሎዋ ተወላት። መንታ መንገድ ላይ ልጓሙን ሊለቅ፣ ሰውየው ወደሄደበት መንደር ከታጠፈች ሊወጋው፣ ዋናውን መንገድ ከያዘች ሊተወው። መንደሩ ከሠላሳ ወይም ከአርባ እርምጃ አይርቅም፤ ወደዚያ የሚወስደውም መንገድ ሰፊና ምቹ ነው። በቅሎዋ ግን ዋናውን መንገድ ያዘች።

እግዚአብሔር በቅሎዋን መራት የሚሉ አሉ። እኔ ኢግናጥዮስ ራሱ ታሪኩን በእርጅናው ሲያወራ የያዘውን አሳብ እከተላለሁ፤ እሱ የተናገረው ያን ጊዜ ነፍሱ ምን ያህል ዕውር እንደነበረች ለማሳየት ነው። ፍቅር ነበረው፤ ቅንዓት ነበረው፤ ማስተዋል ግን አልነበረውም። በቅሎዋ ብትታጠፍ ኖሮ ያው ጸሎተኛ ሰው ነፍስ አጥፍቶ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነበር ባለ ነበር። ምልክት ሰጥቶ እግዚአብሔርን በምልክቱ ማሰር የት ሊያደርስ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

ሞንሴራት ገዳም ሲደርስ ኃጢአቱን በጽሑፍ አዘጋጅቶ ሦስት ቀን የፈጀ ኑዛዜ ተናዘዘ። ማርች 24 ማታ ያማረ ልብሱን ለአንድ ደሃ ሰጥቶ፣ ማቅ ለብሶ፣ ሰይፍና ጩቤውን በእመቤታችን መሠዊያ ላይ ሰቅሎ ሌሊቱን በጸሎት አደረ። ጠዋት ከገዳሙ ሲርቅ አንድ ሰው ሮጦ ደረሰበትና ልብሱን በእርግጥ ሰጥተኸው እንደሆነ ጠየቀው። ደሃው ሰርቀሃል ተብሎ ተይዞ ነበር። ኢኚጎ አለቀሰ። መልካም ያሰበው ነገር በሌላው ላይ ምን እንዳመጣ ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

በማንሬሳ ጥቂት ቀን ሊቆይ ገብቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀር ቆየ። እየለመነ ይበላል፤ በቀን ሰባት ሰዓት ተንበርክኮ ይጸልያል፤ ቀድሞ በጸጉሩ ይኮራ ስለነበር አሁን ሳያበጥረው፣ ጥፍሩንም ሳይቆርጥ ተወው። እግዚአብሔርን መስማት የተማረባት እውነተኛ ትምህርት ቤቱ ይህች ከተማ ናት፤ ትምህርቱም ሊገድለው ደርሶ ነበር። ተናዞ የጨረሰውን ኃጢአት ሕሊናው እንደገና እያነሳ ይከሰው ጀመር። ይህን አልተናገርክም፣ ያንን በደንብ አልዘረዘርክም እያለ ዕረፍት ነሳው። ደጋግሞ ተናዘዘ፤ አልለቀቀውም። ከሚኖርበት ክፍል አጠገብ በነበረ ትልቅ ጉድጓድ ራሱን ሊጥል የሚገፋው ፈተናም መጣ። እግዚአብሔር እስኪምረኝ አልበላም ብሎ ከእሑድ እስከ እሑድ እህል ሳይቀምስ ሰነበተ። የንስሐ አባቱ ይህን ሲሰማ ብላ ብሎ አዘዘው፤ በላ። ጥቂት ቀን ሰላም ካገኘ በኋላ ክሱ ተመለሰ። ያን ጊዜ ሐሳቡ ከየት ጀምሮ በምን መንገድ ወደ ምን እንዳደረሰው ወደ ኋላ ሄዶ መረመረ። መጨረሻው ተስፋ መቁረጥ ከሆነ፣ መጀመሪያው ንስሐ ቢመስልም ከእግዚአብሔር አይደለም ብሎ ወሰነ። ያለፈውን ኃጢአት ዳግመኛ ላለመናዘዝ ቆረጠ፤ ነጻም ወጣ።

በዚያው ሰሞን ሊተኛ ሲል ታላላቅ መንፈሳዊ መጽናናት ይመጣለት ነበር። ቀኑን ለጸሎት ሰጥቶ ለእንቅልፍ የቀረውን ጥቂት ሰዓት እየበላበት መሆኑን ሲያስተውል ጠረጠረው፤ ትቶት ተኛ። በቀን ብርሃን በአየር ላይ እጅግ ያማረ፣ እንደ ዓይን የሚያበሩ ብዙ ነገሮች ያሉበት የእባብ መልክ ያለው ነገርም ደጋግሞ ታየው። ሲያየው ደስ ይለዋል፤ ሲሰወር ያዝናል። ከዚያ አንድ ቀን ወደ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከካርዶነር ወንዝ ዳር ተቀመጠ። ወንዙ ከሥሩ ይፈስሳል። ምንም ራእይ ሳያይ የአእምሮው ዓይን ተከፈተ፤ ስለ እምነትም ስለ ትምህርትም ብዙ ነገር ገባው፤ ሁሉ ነገር አዲስ መሰለው። በእርጅናው በሕይወቱ ሁሉ የተማረው ተደምሮ የዚያን ቀን ያህል እንደማይሆን ተናግሯል። ከዚያ ተነሥቶ በአጠገቡ ባለ መስቀል ፊት ሲንበረከክ ያ የሚያበራው ነገር እንደገና መጣ፤ በመስቀሉ ፊት ግን ውበቱ ደብዝዞ ነበር። ከክፉው መሆኑን ያን ጊዜ ዐወቀ።

ይህ ሁሉ ለምሥራቅ ክርስቲያን አዲስ አይደለም። ሐሳብን መመርመር፣ የብርሃን መልአክ መስሎ የሚመጣውን መለየት፣ ሁሉን ለአባት መግለጥ የግብፅ በረሃ አባቶች ከሺህ ዓመት በፊት ያስተማሩት ነው። በገዳሞቻችን መጽሐፈ መነኮሳት ተብለው የሚታወቁት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ በዚህ ትምህርት የተሞሉ ናቸው። ኢኚጎ እነዚህን አልያዘም ነበር፤ ብቻውን፣ በብዙ ስሕተት፣ በራሱ ቁስል ላይ ተማረው።

በ1523 ኢየሩሳሌም ገባ። ዕድሜውን በሙሉ በዚያ ሊያሳልፍ በልቡ ቆርጧል፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑንም አልተጠራጠረም። የቅዱሳት ቦታዎች ጠባቂ የነበሩት የፍራንቸስኮስ መነኮሳት አለቃ ግን ከዚህ ትሄዳለህ አለው። ባይታዘዝ ሊያወግዘው ከሮም ጳጳስ ሥልጣን እንዳለው ነገረው። ኢኚጎ ወረቀቱን አሳየኝ ሳይል ታዘዘ። ከመሄዱ በፊት ብቻውን ሹልክ ብሎ ደብረ ዘይት ወጣ፤ ጌታ ሲያርግ እግሩ ያረፈበት የሚባለውን ድንጋይ ለማየት ለጠባቂዎቹ የብዕር መቅረጫ ቢላውን ሰጣቸው። ከወረደ በኋላ የጌታ ቀኝ እግር በየት በኩል እንደነበረ አለማስተዋሉ ትዝ አለው፤ ተመልሶ ወጥቶ መቀሱን ሰጠና አየ። ገዳሙ የላከው አገልጋይ ዱላ ይዞ ክንዱን ጨምድዶ መለሰው።

በሩ ሲዘጋ እግዚአብሔር ዋሸኝ አላለም፤ ራሴን አሳትኩም ብሎ ተስፋ አልቆረጠም። ሰውን ለመርዳት መማር አለብኝ ብሎ በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ባርሴሎና ከልጆች ጋር የላቲን ሰዋስው ለመማር ተቀመጠ። እዚያም የማንሬሳው ፈተና በሌላ መልክ መጣ። ግሥ ሊያጠና ሲቀመጥ ጥልቅ መንፈሳዊ ማስተዋል ይጎርፍለታል። በጸሎትና በቅዳሴ ጊዜ እንኳ እንዲህ ያልመጣልኝ በሰዋስው ሰዓት ለምን መጣ? ብሎ ጠየቀና መምህሩን ወደ ቤተ ክርስቲያን ጠርቶ ሁለቱን ዓመት ትምህርቱን ላያቋርጥ ቃል ገባለት። ተግባርን የሚያስተው መንፈሳዊ ደስታ ሁሉ መመርመር እንዳለበት ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ቀጥሎ አልካላ ገባ፤ ሰዎችን ስለ ጸሎት ሲያስተምር ታሰረ። በዘመኑ በስፔን ብርሃን ውስጣችን በርቷል፣ ቤተ ክርስቲያን አታስፈልገንም የሚሉ ሰዎች ነበሩና ከእነሱ ተቆጠረ። በ1527 በሳላማንካ አንድ የዶሚኒካን መነኩሴ ስለ እግዚአብሔር ነገር መናገር የሚቻለው በትምህርት ወይም በመንፈስ ቅዱስ ነው፤ አንተ ደግሞ አልተማርክም፤ እንግዲህ በመንፈስ ቅዱስ ነው? ብሎ ጠየቀው። ኢኚጎ ዝም አለ። በሰንሰለት ሃያ ሁለት ቀን አሰሩት። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ዛሬም እግዚአብሔር ነገረኝ የሚል ሁሉ ሊጠየቀው ይገባል።

በ1528 ፓሪስ ገባ። በሳንት ባርብ ኮሌጅ ከፒየር ፋቭርና ከፍራንሲስኮ ዣቪየር ጋር አንድ ክፍል ተጋራ። ኦገስት 15 ቀን 1534 ሰባቱ ጓደኞች በሞንማርትር ተራራ ስእለት ተሳሉ፤ ኢየሩሳሌም እንሄዳለን፤ መንገዱ ከተዘጋ ግን ለሮም ጳጳስ ራሳችንን እናቀርባለን። ይህን ሁለተኛ ሐረግ እወደዋለሁ። ከአሥር ዓመት በፊት ፈቃዱ ይህ ነው ብሎ እርግጠኛ የነበረው ሰው አሁን ለተዘጋ በር ቦታ ትቶ መሳል ተምሯል። በ1537 ቬኒስ ላይ መርከብ ጠበቁ። ቬኒስ ከኦቶማኖች ጋር በመጣላቷ ተሳላሚ የሚጭን መርከብ ጠፋ። ወደ ሮም ሄዱ።

በ1539 አሥር ሆነው ነበር፤ ጳጳሱም ወደ ተለያየ አገር ሊልኳቸው ነው። አንድ ማኅበር ሆነን እንኑር? የሚለው ቶሎ ተወሰነ። ከመካከላችን ለአንዱ እንታዘዝ? የሚለው ግን ለቀናት አልፈታ አላቸው። ቀን ቀን እየሰበኩ፣ በሽተኛ እየጠየቁ፣ ማታ ማታ ይሰበሰባሉ። የተስማሙበት ሥርዓት እንዲህ ነበር። እያንዳንዱ ስለ ጉዳዩ ብቻውን ይጸልይ። ማንም ሌላውን አያሳምን፤ አሳቡንም አይጠይቅ። እያንዳንዱ ራሱን ከማኅበሩ ውጭ ያለ እንግዳ አድርጎ ያስብ። ከዚያ አንድ ማታ ሁሉም በተራ መታዘዝን የሚቃወም ምክንያት ብቻ ይናገራል፤ የሚደግፈው ሰው እንኳ መቃወሚያ ፈልጎ ያመጣል። በማግስቱ ሁሉም የሚደግፍ ምክንያት ብቻ ይናገራል። ጁን 24 ሲደርስ ሁሉም በአንድ ቃል ተስማምተው ጨረሱ።

ይህን ስብሰባ ከኢግናጥዮስ ራእዮች ሁሉ አስበልጣለሁ። በሰበካ ጉባኤና በሽምግልና ስንቀመጥ ሁላችንም የራሳችንን ምክንያት ይዘን እንገባለን፤ ያቺን ይዘን እንወጣለን። አሥሩ ግን የማይወዱትን ወገን ምክንያት በገዛ አፋቸው መናገር ግድ ሆነባቸው። እግዚአብሔርን መስማት ከወንድም ጋር ሲሆን ምን እንደሚመስል እዚህ ይታያል።

ጳጳስ ጳውሎስ ሣልሳዊ ማኅበሩን ሴፕቴምበር 27 ቀን 1540 አጸደቁ፤ የኢየሱስ ማኅበር ተባለ፤ በታሪክ መጻሕፍታችን ኢየሱሳውያን የምንላቸው ናቸው። በ1541 ኢግናጥዮስን አለቃ አድርገው መረጡት። እምቢ ብሎ እንደገና ጸልዩ አላቸው። ዳግመኛ መረጡት። አሁንም ራሱን አላመነም፤ ለንስሐ አባቱ ሦስት ቀን ሕይወቱን ሁሉ ተናዞ ፍርዱን ለሱ ተወ፤ ተቀበል ሲለው ተቀበለ። ከማንሬሳ ጀምሮ ሲያስተካክለው የኖረው መንፈሳዊ ልምምድ የተባለው ትንሽ መጽሐፉ በ1548 ጸደቀ። መጽሐፉ ልብ ሲጨልምና ጸሎት ሲደርቅ፣ በሰላም ጊዜ የተወሰነውን ውሳኔ መለወጥ ክልክል ነው ይላል። ልምምዱን የሚሰጠው አባትም ተማሪውን ወደ አንዱ ወገን እንዳይጎትተው፤ በመካከል ቆሞ ፈጣሪ ራሱ ከፍጡሩ ጋር እንዲሠራ ይተወው ይላል። ይህችን ሁለተኛዋን አንባቢ ይያዝልኝ።

በዚያው ዘመን ኢትዮጵያ ከእሳት ወጥታ ነበር። በ1541 ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ አራት መቶ ያህል ፖርቱጋላውያንን ይዞ ገባ፤ በ1543 ዐፄ ገላውዴዎስ አገሪቱን የወረረውን ኢማም አሕመድን ወይና ደጋ ላይ ድል አደረጉ። የፖርቱጋል ንጉሥ ዣኦ ሣልሳዊ ይህን ወዳጅነት ወደ ሮም ለማዞር አሰበ፤ ኢግናጥዮስንም ለኢትዮጵያ ፓትርያርክ የሚሆን ሰው ጠየቀው። ኢግናጥዮስ ጉዳዩን እጅግ ከልቡ ያዘው፤ ባልንጀሮቹ ካልከለከሉት ራሱ ለመሄድ ዝግጁ መሆኑን ለንጉሡ ጽፏል። በ1555 ዣኦ ኑኔስ ባሬቶ ፓትርያርክ ተብሎ ተሾመ፤ አንድሬስ ዴ ኦቪየዶም ከረዳት ጳጳሳቱ አንዱ ሆነ።

በፌብሩዋሪ 1555 ኢግናጥዮስ ለዐፄ ገላውዴዎስ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። አክብሮት አለው፤ ፍቅርም አለው። ነገር ግን ከመጨረሻው ይጀምራል፤ እውነተኛው የቤተ ክርስቲያን ራስ በሮም ነው፣ እስክንድርያ ተለይታለች፣ እናንተም ወደ ሮም ተመለሱ ይላል። ለባሬቶ የሰጠው መመሪያ ይሻላል። በየዋህነት ሂዱ፤ ልማዳቸውን በኃይል አትንቀሉ፤ ጾማቸውን በጥቂት በጥቂት አርግቡ፤ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሥሩ ይላል። በሁለቱም ግን ያ መካከል የመቆም ሥርዓት የለም። ለአንድ ነፍስ የተወውን ቦታ ለአንድ ሕዝብ አልተወለትም። እግዚአብሔር በዚህ ሕዝብ ላይ ለሺህ ዓመት ምን ሲሠራ እንደቆየ የሚጠይቅ ዓረፍተ ነገር አላገኘሁም። ይህን የምለው ሰውየውን በማክበር ነው፤ ራሱ ባስተማረው ሚዛን ስመዝነው ጎድሎ አገኘዋለሁ።

በዚያው ዓመት በሕንድ ካለችው ከጎዋ የተላከ ጎንሳሎ ሮድሪጌስ የተባለ ኢየሱሳዊ ከንጉሡ ዘንድ ደረሰ። ዐፄ ገላውዴዎስም በጁን 1555 የእምነት መግለጫቸውን በግእዝ ጻፉ። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ እንደሚያምኑ፣ የሐዋርያትንና የኒቅያን ትምህርት እንደሚከተሉ አስረዱ። ሰንበትን እንደ አይሁድ እንደማያከብሩ፣ ግዝረትም እንደ አገር ልማድ እንጂ እንደ ኦሪት ሕግ እንዳልሆነ ገለጡ። ቁጣ የሌለበት፣ የተረጋጋ ጽሑፍ ነው። የኢግናጥዮስን ደብዳቤና ይህን መግለጫ ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው በሁለቱም ወገን እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው እንዳለ ያያል።

ኢግናጥዮስ ጁላይ 31 ቀን 1556 ሮም ውስጥ ዐረፈ። ባሬቶ ኢትዮጵያን ሳያይ በ1562 ጎዋ ላይ ሞተ። ኦቪየዶ በ1557 ገባ። ንጉሡ ታገሡት፤ እሱ ግን በ1559 መጀመሪያ ኢትዮጵያውያን ስተዋል ብሎ በጽሑፍ አወጀ። በማርች ወር ንጉሡ ከሐረሩ አሚር ከኑር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ኦቪየዶ በዐፄ ሚናስ ዘመን መከራ አየ፤ ከዐድዋ አጠገብ በፍሬሞና በድህነት ኖሮ በ1577 ዐረፈ።

ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ ሌላ ኢየሱሳዊ በየመን ለዓመታት ተማርኮ ከቆየ በኋላ በ1603 ገባ። አማርኛና ግእዝ ተማረ፤ የአገሩን መጻሕፍት አነበበ፤ የኢትዮጵያን ታሪክ ጻፈ፤ በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ የዓባይን ምንጭ አየ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በግልጽ አወጁ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ዐረፈ። በ1625 የገባው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የየዋህነቱን መመሪያ ጥሎ መጣ። በ1626 ንጉሡና መኳንንቱ በፊቱ ለሮም ታዛዥነት ማሉ። ቀሳውስት እንደገና ይካኑ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ግዝረትና ሰንበት ይከልከል፣ የበዓላት አቆጣጠር ይለወጥ ተባለ። አገሩ ተነሣ። በጁን 1632 ከላስታ ዐማፅያን ጋር በተደረገ ውጊያ በአንድ ቀን ስምንት ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይነገራል። ሬሳው በተከመረበት ሜዳ ላይ የቆሙ ሰዎች ለንጉሡ እነዚህ የገዛ ክርስቲያን ልጆችህ ናቸው አሏቸው። ዐፄ ሱስንዮስ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት ሞቱ። ኢየሱሳውያን ከአገር ተባረሩ፤ ኢትዮጵያም ለረጅም ዘመን በሯን ለአውሮፓ ዘጋች።

ሜንዴዝ የተማረ ሰው ነበር፤ የኢግናጥዮስንም መንፈሳዊ ልምምድ እንደ ማኅበሩ አባል ሁሉ አልፎበታል። ኢግናጥዮስ በማንሬሳ የሐሳብን መጨረሻ አይቶ መጀመሪያውን መፍረድ ተምሯል። ሜንዴዝ የሐሳቡን መጨረሻ በየአውራጃው እያየ፣ ዐመፅ ሲነሣ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ እያየ ወደ ኋላ ተመልሶ አልመረመረም። ጸሎት አልጎደለውም። የጎደለው በአሥሩ ስብሰባ የነበረው ነው፤ የማይወደውን ወገን ምክንያት በገዛ አፉ መናገር።

ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አለፈ። በ1945 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከካናዳ ኢየሱሳውያንን ጠርተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን እንዲያስተዳድሩ ሰጧቸው። ሃይማኖት እንዳይሰብኩ፣ የክህነት ልብስም እንዳይለብሱ ተነገራቸው፤ እሺ ብለው እንደ ማንኛውም መምህር ኮትና ሱሪ ለብሰው ገቡ። ከእነሱ አንዱ ሉሲየን ማት በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ኢግናጥዮስ በ1555 መመሪያው ትምህርት ቤት ሥሩ ያለው የተፈጸመው ያኔ ነው፤ ያም ኮሌጅ የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው።